ሲያልቅ ይጠሯችኋል

ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ የአፓርትመንት ግቢ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር፤ የምኖረውም እዚያው ነበር። ግቢው ፈርሶ በቦታው የሚሸጡ አዳዲስ ቤቶች እንዲሠሩ ተወሰነና ተከራዮቹ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተሰበሰቡ። ከአማርኛ ሌላ የማያውቁ ሰባት ሰዎች ስለነበሩ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ከእኔ ቤት ሥር ለብቻቸው የሚኖሩ እናት ነበሩ። አዲስ የመጣሁ ሰሞን ጉንፋን ሲጥለኝ ሾርባ ይዘውልኝ ደረጃውን ይወጡ የነበሩ ሴት ናቸው።

«ሲሠራ እንመለሳለን ወይ? ጠይቅልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ አልሸሸገም፤ ቤቶቹ ለሽያጭ ናቸው፣ ለነባር ተከራይ የተያዘ ነገር የለም አለ።

እኔ ግን ዓይናቸውን አየሁና፣ «ሲያልቅ ይጠሯችኋል» አልኩ።

ዋሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። እንባቸውን ማየት ስላልፈለግኩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ምርቃታቸውንም ፈልጌ ነበር። መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ግቢው ሲፈርስ እናትየው ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ልጃቸው ቤት ገቡ። በየወሩ እየደወሉ «ስንት ቀረው?» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ «ገና ነው፣ እማማ» እል ነበር። በኋላ ስልኩን ማንሳት ተውኩ።

እኔ እዚያው ሥራ ላይ ቀርቼ ነበርና፣ ቤቶቹ ለገዢዎች በተከፈቱበት ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ እንግዳ ስቀበል፣ ነጠላቸውን ለብሰው ከልጃቸው ጋር መጡ።

«አልጠራኸኝምና ራሴ መጣሁ። የእኔ የትኛው ነው?»

ወደ ጥግ ወስጃቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። እዚሁ አገር ያደገችው ልጃቸው ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሶ፣ እማዬ ዩለስ ከተማ የአረጋውያን አፓርትመንት ተራ ደርሷት ካንስል ያደረገችው ባንተ ወሬ ነው? ጓደኞቿ እኮ እዚያ ናቸው።»

እናትየው በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ያን ቀን ብትነግረኝ አለቅስ ነበር» አሉኝ። «አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻንጣዬን ሳልፈታ አስቀመጥከኝ።»

ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ከልጅቷ ጋር ዩለስ ሄድን። ስማቸው እንደገና ከተራው መጨረሻ ተጻፈ። ለቀሩት ስድስት ሰዎችም እየደወልኩ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዱ ሳቀብኝ፤ «እኛማ ያኔም አላመንንህም» አለ። ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሁንም ተራ እየጠበቁ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ይስሙኛል፤ ስለ ቤት አያነሱም። እኔም ቀና ብዬ አላያቸውም።