ውሃ ሽቅብ ይወጣል የምትሉ

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የምንኖር ሰዎች ግድግዳችን ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ ረጠበብን። ልስኑ እየተፈረፈረ ምንጣፍ ላይ ይረግፋል። ጎረቤቴ የሆኑት የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጥፋተኛ ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረውን፣ የመዘምራን ልብስ በየሳምንቱ በረንዳዋ ላይ የምታጥበውን ሴት ያዙ።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስብሰባው ላይ፣ "እርጥበቱ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ብሎኬቱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ሽቅብ ይሳባል" አልኩ።

"መምህር፣ ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ይሄንን ሕፃንም ያውቀዋል" አሉ ሰብሳቢው። ሰዉ ሳቀ።

ተናደድኩ። በሚቀጥለው እሑድ ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የመስታወት ቱቦዎች ተውሼ መጣሁ። የአንዱ ቀዳዳ እርሳስ ያሳልፋል፤ የሌላው ክር ብቻ። ቀይ ቀለም ጠብ ያደረግኩበት ውሃ ውስጥ አቆምኳቸው። በሰፊው ውስጥ ውሃው ባለበት ቀረ ማለት ይቻላል፤ በቀጭኑ ግን ማንም ሳይነካው ሽቅብ ወጣ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አደረጉ። "መጥጠኸው ነው።"

"እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት ጋሼ።"

ሞከሩት። በእጃቸው ወጣ። "ይሄማ ቀለም ነው እንጂ ውሃ አይደለም" አሉ። ንጹህ ውሃ ቀዳሁ፤ እሱም ወጣ። "ይሄ መስታወት ነው፤ የእኛ ግድግዳ ብሎኬት ነው" አሉ። ከዚያ ዴሞክራሲ ነውና ድምፅ አሰጡ።

"ውሃ ሽቅብ ይወጣል የምትሉ?"

እጅ ያወጣነው እኔና ተከሳሿ ብቻ ነን። እሷም ሳይንሱን አምና ሳይሆን ሌላ ወገን ስላጣች ይመስለኛል።

በረንዳ ላይ ማጠብ ተከለከለ፤ ግድግዳው ዘይት ቀለም ተቀባ። ሴትየዋ ልብሱን ፉሪ ወዳለው የቤተ ክርስቲያኗ ግቢ እየወሰደች ማጠብ ጀመረች። ክረምቱ ገባ። ቀለሙ አፍኖት መውጫ ያጣው እርጥበት ከጉልበት ወደ ደረት ከፍ አለ፤ የሰብሳቢው ቴሌቪዥን የተሰቀለበት ግድግዳ ሳይቀር አበጠ።

መስከረም ላይ ስብሰባ ጠሩ። "ባደረግነው ጥናት፣ ውሃ በቀጭን ቀዳዳ ሽቅብ እንደሚወጣ ደርሰንበታል" አሉ፣ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

"እንግዲያው የእጥበቱ ክልከላ ይነሳ" አልኩ።

"እሱ ሌላ አጀንዳ ነው። በድምፅ የተወሰነ አይሻርም።"

ስንበተን ደረጃው ላይ አገኘኋትና፣ "አልሆነልኝም እህቴ፣ ይቅርታ" አልኳት።

"ተወው ወንድሜ" አለች እየሳቀች፤ "ፉሪ ጥሩ ፀሐይ አለ፤ ልብሱ ቶሎ ይደርቃል። እናንተስ፣ ደረቃችሁ?"