ለባለቤቱ የተቀመጠ ካራ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ በተከራየሁበት ግቢ ሰው የሚታወቀው በቢላዋው ነው። ስሙን፣ አገሩን፣ የመጣበትን ምክንያት ሊደብቅ ይችላል፤ ብዙዎቻችንም ደብቀናል። ሽንኩርቱን በምን እንደሚከትፍ ግን መደበቅ አይችልም። ጥላ ያለው ዛፍ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም የሚከትፈው እዚያ ሥር ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ወንበሬን ከግቢው በር አጠገብ ስለምዘረጋ ሁሉንም አያለሁ።

የግቢው ባለቤት ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጅ እንላቸዋለን። ከግራ ክርናቸው ከፍ ብሎ በቆዳ አፎት የታሰረ ቢላዋ አላቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከአፎቱ ሲወጣ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሐብሐብ ሊቆርጡ። ቆርጠው ሲጨርሱ በጀለቢያቸው ጠርገው ወደ ቦታው መለሱት። ሐብሐቡም አልበሰለም ነበር።

ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ተወልዶ ያደገው የረክሻ፣ የእኛ አገር ባጃጅ፣ ሾፌር ደግሞ ሰባት ሰንጢ አለው። ሥራ ሲፈታ ስልኩ ላይ ሰዎች ስለት ሲያወዳድሩ ሲያይ ይውላል። «ሲኪን ዲ አስሊያ ናት፣ ወላሂ! ብረቷን እያት እስቲ» ይለኛል፤ ይቺ ቢላዋ ኦሪጅናል ናት ማለቱ ነው። ረክሻው ሲበላሽበት ግን ብሎኑን የሚፈታው በእኔ መቀስ ነው። ደም ካየ ደግሞ ይወድቃል።

ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችን ያላት አንድ ቢላዋ ነው፤ ከማንኪያ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። «ዱልዱም ቢላዋ ሰው አይጎዳም» ትላለች። ይህን ስትል ሁለት ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

እውነተኛው የካራ ሰው የቋራው ጎረቤታችን ነበር። እሱና ሚስቱ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ተከራይተዋል። እጀታው ከቀንድ የተሠራ ካራ ነበረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በድንጋይ ይስለዋል። ስሎ ሲጨርስ የክንዱን ፀጉር ላጭቶ ይሞክረዋል። ምላጬ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ቅናት ይዞኝ ነበር።

በበዓል ጊዜ ግቢው የሚኖረው በእሱ እጅ ነው። በእኛ ደንብ ሴት ዶሮ አታርድም። ሐጅ ደግሞ ቢያርዱልን አንበላውም፣ የእኛንም እሳቸው አይበሉትም፤ በዚህ ጉዳይ ተከባብረን ያለ ጠብ እንኖራለን። የቀሩት ወንዶች ባሱንዳ እርሻ ላይ ናቸው። ሾፌሩ ይወድቃል። የሚቀረው እኔ ነኝ።

የእኔን ጉድ ራሴው ልናገረው። በመጀመሪያው ዓመት ፋሲካ የቋራው ሰው ለሥራ ወጥቶ ሳለ፣ ሻይ ሻጯ ዶሮዋንና ያንን ቢላዋ ይዛ መጣችብኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። «ቀኑን ሙሉ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ስታስኬድ ትውላለህ፤ የዶሮ ጉሮሮ ያቅትሃል?» አለችኝ። ወንድነቴ ተነካና ተቀበልኩ። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ፣ ክንፉን ረገጥኩ፣ በስመ አብ ብዬ ቆረጥኩ፤ ወይም የቆረጥኩ መሰለኝ። ስለቅቀው ዶሮው ተነሣ። ራሱን አራገፈ፣ አጥሩን ዘለለና ከአጥሩ ማዶ ያለው ሐጅ ቤት ገባ። ሐጅ ሁለት እግሩን ይዘው «ያ ሐላግ! አንተ ፀጉር ቆራጭ! እኔ ብጨርሰው አትበሉትም፤ ና የጀመርከውን ጨርስ!» እያሉ ሰፈሩን ቀሰቀሱት። ከዚያ ወዲህ ጢሙን ሊላጭ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ «እኔም ላምልጥ እንዴ?» ይለኛል።

አምና ጥቅምት ላይ የቋራው ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ላይ ወዳለው ፋሽጋ ሄደ። ኬላ ላይ ወታደሮቹ ስለት ያለው ነገር ስለሚነጥቁ ካራውን ለሚስቱ አስረከበ። ለገና የሚሆን አውራ ዶሮም ገዝቶላት ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ለገና እመጣለሁ። ዶሮውን የማርደው እኔ ነኝ፤ ካራዬን ማንም እንዳይነካው» አላት።

ገና ሲደርስ አብረውት የሄዱት ሦስት ሰዎች ተመለሱ፤ እሱ አልነበረም። አንደኛው ወንዙን ተሻግሮ ወደ አገር ገብቷል አለ። ሁለተኛው ታሞ ሌላ እርሻ ቀርቷል አለ። ሦስተኛው ዝም አለ። እሷ የሁለቱን ሰማች፤ ሦስተኛውን ሻይ አፍልታ ሸኘችው።

ያን ገና ዶሮው አልታረደም። ፋሲካም መጣ፤ «እሱ ሳይመጣ አይታረድም» ብላ ሽሮ ሠራች። እንቁጣጣሽም እንደዚያው አለፈ። ሴቶቹ ከየድስታቸው ሲልኩላት ተቀብላ አመስግና ትበላለች፤ ዶሮውን ያነሣባት ሰው ግን ፊቷ ሲጠቁር ያያል። ዶሮው በበኩሉ ወፈረ፣ ተከበረ፣ ከመስጊዱ አዛን ቀድሞ መጮህ ጀመረ። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ውሎው ከእኔ ወንበር ሥር፣ የተቆረጠው ፀጉር ላይ ሆነ። ሐጅ በጩኸቱ ተማርረው አንድ ቀን ሊከሱት መጡ። ነገሩን ስነግራቸው የክንዳቸውን ቢላዋ ነካ ነካ አደረጉና «ይጩህ» ብለው ሄዱ።

በዚያ ዓመት ቅዳሜ ከሰዓት ከክፍሏ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሺክ ሺክ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። በርበሬ የምትወቅጥ ወይም ጨው የምትፈጭ መስሎኝ፣ ብቻዋን ለምትበላ ሴት ይህን ያህል ምን ያስፈጫል እያልኩ እገረም ነበር። ጠይቄ ግን አላውቅም።

ዘንድሮ በገና ዋዜማ፣ ከሰዓት፣ ዶሮውን በአንድ እጇ፣ ካራውን ከነአፎቱ በሌላው ይዛ ወንበሬ ፊት ቆመች።

«ወንድምዓለም፣ እረድልኝ።»

«እኔ?»

«አንተ።»

«እታለም፣ የሻይ ሻጯ ወንድም ከባሱንዳ መጥቷል። እጁ የታወቀ ነው፤ ልጥራልሽ።»

«አውቃለሁ። ካንተ እጅ ግን አንድ አምልጧል አይደል?»

«አምልጧል።»

«እንግዲያማ አንተ ነህ።»

ዛፉ ሥር የሌሎቹ ሴቶች ሽንኩርት ከጧት ጀምሮ ይቁላላል። እሷ አንድ ራስ እንኳ አልላጠችም፤ ምድጃዋም አልተቀጣጠለም። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህች ሴት ከሰፈሩ አራጅ ሁሉ መርጣ የመጣችው መጥፎው ጋ ነው። ዶሮው ከተነሣ እስከ ፋሲካ ጊዜ ታገኛለች። አንጀቴን በላችው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስሜ መጥፎነት ደስ አለኝ፤ ዶሮውንም ላስመልጥላት ወሰንኩ። ካራውም ዓመት ከሦስት ወር ያልተነካ ነው፣ ዝጎ ይሆናል፣ ይረዳኛል ብዬ አሰብኩ።

ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። ክንፉን ላላ አድርጌ ረገጥኩ። ካራውን ስመዝዘው ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችው፤ ዝገት የሚባል አልነበረበትም። በስመ አብ ብዬ አንገቱ ላይ እንዲያው ለወጉ አሳረፍኩት። ወመንፈስ ቅዱስ ጋ ሳልደርስ አለቀ። በእጄ ላይ ክብደት እንኳ አልተሰማኝም።

ለቀቅኩትና ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ጥቂት ተወራጨና ተወው።

«አልተነሣም» አለች።

«አልተነሣም» አልኳት።

ካራውን ከእጄ ወስዳ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ስስለው ነበር» አለች። «ሲመጣ ደንዞ እንዳያገኘው ብዬ።» ከዚያ የእኔ ወንበር ላይ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዶሮውን ይዤ ቆሜ አብሬያት አለቀስኩ። የረክሻ ሾፌሩ ግቢው በር ላይ ደርሶ፣ ደሙን አይቶ፣ ግድግዳ ይዞ ተቀመጠ።

ስታበቃ ተነሥታ ካራውን በበርሜሉ ውሃ አጠበችው። አፎቱ ወንበሬ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ባሳያትም አላነሣችውም። ዛፉ ሥር ሄዳ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ሻይ ሻጯ አራት ራስ ሽንኩርትና ያቺን ዱልዱም ቢላዋ አቀበለቻት። ሽንኩርቱን ወሰደች። ቢላዋውን መለሰችላትና በባሏ ካራ መክተፍ ጀመረች።