ከገጀራው በኋላ የታጠበ ጉልበት

ወልቂጤ ውስጥ በኦፕራሲዮን ክፍል ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከልቤ ያልወጣው ግን የአንዲት የጉንችሬ እናት ጉልበት ነው።

እንሰት ሲቆርጡ ገጀራው አምልጧቸው ቀኝ ጉልበታቸውን እስከ መገጣጠሚያው ድረስ ከፈተው። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ቁስሉ ውስጥ አፈር ገብቶ ነበር። ሐኪሙ መገጣጠሚያውን ሲያጥብ ውሃውን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። በምናጥብበት የጨው ውሃ፣ በሳላይኑ ላይ፣ የጀርም ማጥፊያ የመጨመር ልማድ ነበረን። አፈሩን ሳይ እግራቸው እንዳይቆረጥ ፈራሁና መጠኑን ከልማዳችን በላይ አበዛሁት። ያዘዘኝ የለም፤ የከለከለኝም የለም።

ቁስሉ ሳያመረቅዝ ዳነ። ሲወጡ እጄን ይዘው መረቁኝ። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ግን ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ነበር።

«ውስጡ አሸዋ ያለ ይመስለኛል፤ ስራመድ ይንቋቋል» አሉኝ።

በዓመቱ ቡታጅራ ለሥልጠና ሄድኩ። አሠልጣኙ ሐኪም የአጥንቱን ጫፍ ስለሚሸፍነው ልም አጥንት ሲያስረዳን፣ «የደም ሥር የለውም» አለ። «ሕዋሳቱ የሚመገቡት ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። የጀርም ማጥፊያ ደግሞ ጀርምን ከሕዋስ አይለይም። ተራ ሳላይን እንኳ ለሰውነት ፈሳሽ ከሚቀርበው ከሪንገር ይልቅ ሳይከብዳቸው አይቀርም። አንዴ ከሞቱ የሚተካቸው የለም ማለት ይቻላል።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ ያደረግኩትን ነገርኩት።

«ገጀራውም አፈሩም ይጎዳል» አለኝ። «ጉልበታቸውን ያደረቀው ያንቺ ውሃ ነው ለማለት አልችልም። አይደለም ለማለትም አልችልም።»

ቅዳሜ በሚኒባስ ጉንችሬ ሄድኩ። እኚያ እናት እግራቸውን ዘርግተው ደጃፍ ተቀምጠዋል። እንሰት የሚፋቀው አንድ እግር አጥፎ የእንሰቱን ግንድ ጣውላ ላይ በመርገጥ ስለሆነ፣ ሥራው ወደ ምራታቸው ዞሯል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዞረው አዩኝ።

«ያን ጊዜ ፈርተሽልኝ ነበር?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እግሬ እንዳይቆረጥ?»

«አዎ።»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት። «ታዲያ ይህንን ለምራቴ ንገሪያት። ሥራ ጠልቼ የተቀመጥኩ መስሏታል። ጎረቤቱም እንደዚያ ነው የሚያወራው።»

ለይቅርታ ነበር የሄድኩት፤ እሳቸው የፈለጉት ምስክር ነው። ምራታቸው መፋቂያዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ልም አጥንቱ እንደተበላ፣ ሕመሙ እውነት እንደሆነ፣ የእኔም እጅ ሳይኖርበት እንደማይቀር ነገርኳት። ቤት ገብታ ትራስ አምጥታ ከአማቷ ጉልበት ሥር አደረገችላቸው።

ሰኞ ለሐኪማችን ነገርኩት። እሱም የማጠቢያውን አሠራር ለወጠ። ከዚያ ወዲህ መገጣጠሚያ የምናጥበው በሪንገር ነው፤ የጀርም ማጥፊያው ከቆዳ አያልፍም። የእኚያ እናት ጉልበት ግን እስከ ዛሬ አልታጠፈም። በዱላ ነው ገበያ የሚወጡት።