የጆሮዬ ስም ጥሪ

ቀልደኛ ሰው መታመም የለበትም። ቢታመምም ለማንም ባይናገር ይሻለዋል።

በደርግ ጊዜ ነው። ላሊበላ፣ ገበያው ዳር ካለች በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን ቀኝ ጆሮዬ መጮኽ ጀመረ። መጀመሪያ የስፌት መኪናዬ መስሎኝ እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሳሁ። መኪናው ቆመ፣ ጩኸቱ ግን አልቆመም። እርጥብ እንጨት እሳት ውስጥ ሲያፏጭ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ ነው። አይጨምር፣ አይቀንስ፣ አያርፍ።

በረንዳዬ ላይ ሱሪ የሚያስጠብብ፣ ቁልፍ የሚያስተክል፣ ምንም ሳያሰፋ ለወሬ ብቻ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር። "ጆሮዬ ይጮኻል" አልኳቸው። ሳቁ።

"ምን ይላል?" አለኝ አንዱ።

"ሱሪህን ለምን መጥተህ አትወስድም ይልሃል።"

ይባስ ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ ያን ቀን አንድ ሰው እንኳ ፊቱን ቅጭም አድርጎ "አይዞህ" እንዲለኝ ብመኝ ማን ሊሰማኝ! "ሰው እያማህ ነው" ብለውኝ ተነሡ።

ይሄማ አገር የሚያውቀው ነው፤ ጆሮ ከጮኸ ሰው እያማህ ነው። በደህናው ጊዜ ጨዋታ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ከጀርባው የሚያሙት ሰው ቀኑ አያምርም። አንዱ ቀበሌ ጎራ ብሎ አንዲት ቃል ጣል ካደረገብህ፣ የጆሮህ ነገር ትንሹ ጭንቀትህ ነው።

የንስሐ አባቴ ጸበል ወሰዱኝ። የላስታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ጊዜ ጩኸቱ ጠፋ።

"ተሻለህ ወይ ልጄ?" አሉኝ።

"አባቴ፣ ጥርሴ በልጦት ነው እንጂ እሱስ አለ።"

"ኤድያ! አንተ ደግሞ እዚህም ትቀልዳለህ?" ብለው አንድ ቅል ጨመሩልኝ።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ በመርፌ ለብ ያለ ውሃ እየገፋ ጆሮዬን አጠበው። የወጣ ነገር የለም። "ንጹህ ነው" አለኝ፣ ቅር ብሎት። እኔንም ቅር አለኝ። ሌላው ቢቀር አንዲት ትል ትወጣለች ብዬ ነበር።

ድካሙን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሕመም ቢሆን "አመመኝ" ይባላል። ይሄ አያምም፤ ብቻ አለ። ሰው ሲንጫጫ እሱ ይደበቃል፣ ሰው ሲሄድ ብቅ ይላል። እንደ ቤት ልጅ ሳያንኳኳ ይገባል። ከመኪናዬ ጋር ተቀምጬ ሐሳቤ እየተበተነ የሰው ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ቆረጥኩ። ባለቤቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሱሪውን ለብሶ ሲያየው ግን አልሳቀም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ የሚያውቅ ሰው "ይህ በሽታ ይህ ነው" እንዲለኝ። ባይድንም ይሁን። ስሙን ካወቅሁት እንደ ማንኛውም ጎረቤት ስሙን እየጠራሁ እረግመዋለሁ።

ባለቤቴ የኩልመስክ ልጅ ናት። በነሱ በኩል ለጆሮ ጩኸት መላ አላቸው። ያሙኛል የምትላቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ትጠራለህ፤ ያማህ ሰው ላይ ስትደርስ ጩኸቱ ጸጥ ይላል።

"እንግዲህ ጥራ" አለችኝ።

"ማንን?"

"የምታውቀውን ሁሉ ነዋ።"

"የማውቀው ሰው ሁሉ ያማኛል?"

"የሚያውቅህ ካላማህ የማያውቅህ ሊያማህ ነው?"

እውነቷን ነው። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወጥቼ ጎመኑ መሀል ቁጢጥ አልኩ። ጆሮዬን በመዳፌ ደግፌ ጀመርኩ። ከቅርብ ልጀምር ብዬ የጓሮ ጎረቤቴን አስቀደምኩ። ስሙን ጠርቼ፣ ቆም ብዬ አዳመጥኩ፤ ይጮኻል። "ይሄ አለፈ፤ ቀጥሎ" አልኩ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ጠራሁ። "ይሄም አለፈ።" ጸሐፊውን፣ የአብዮት ጥበቃውን አዛዥ፣ የኅብረት ሱቁን ሻጭ ጠራሁ። አማቴ ላይ ስደርስ ረዘም አድርጌ አዳመጥኩ፤ ተስፋ ነበረኝ። እሳቸውም አይደሉም።

ለካ ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ አጎንብሶ ጌሾውን እየኮተኮተ ኖሯል። ከሁሉ በፊት የራሱን ስም ሰማ። ከዚያ የሊቀመንበሩን፣ የጸሐፊውን፣ የአዛዡን ሰማ፤ በየመሀሉም "ይሄ አለፈ፣ ቀጥሎ" ይባላል። መኮትኮቻውን ጥሎ ቀበሌ ገባ። አልፈርድበትም። በዚያን ዘመን አንድ ሰው ጎመን ውስጥ ተደብቆ የኔን ስም በተራ ሲጠራ ብሰማ እኔም እሮጥ ነበር፤ ምናልባትም ከሱ ፈጥኜ።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራሁ።

"ጓድ ልብስ ሰፊ" አለኝ ሊቀመንበሩ፣ "የኃላፊዎችን ስም እየዘረዘርክ ተሰምተሃል።"

"ጆሮዬ ስለሚጮኽ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ጸሐፊው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

"ያንተ ጆሮ ሲጮኽ የኔ ስም ምን ያገባዋል?"

ያለውን ነገር ሁሉ ነገርኩት። እየነገርኩት ለራሴም ውሸት ውሸት መሰለኝ።

"ስማ" አለኝ። "እሑድ ስብሰባ አለ፤ ነገሩ እዚያ ይታያል። እስከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ጆሮው ይጮኻል ካለ ይጮኻል። ሐኪም ካልመሰከረልህ ግን ነገሩ ሌላ ነው።"

"ሌላ" ያኔ ምን ማለት እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌላ የተባለባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሚስቶቻቸው ስንቅ ይዘው ሲመላለሱ አይቻለሁ። እስከዚያ ቀን የበሽታዬን ስም የምፈልገው ለማረፍ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ለማደር ሆነ።

ቀበሌው ራሱ መሸኛ ሰጥቶኝ በእህል መኪና ወደ ወልድያ ወረድኩ። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። መኪናው ሲያጓራ፣ ድንጋይ ሲረግጥ፣ አካላቱ ሁሉ ሲንኳኳ ጆሮዬ አይሰማኝም። በስንት ጊዜዬ ሰላም አገኘሁና እንቅልፍ ጣለኝ። ከኔ ጋር የተጫኑት ሰዎች ገደሉን እያዩ ማርያም ማርያም ሲሉ እኔ አንኮራፋ ነበር አሉ። "ምን ዓይነት ልበ ሙሉ ሰው ነው" ብለው አደነቁኝ። ልበ ሙሉነቴ ጆሮዬ ድረስ ብቻ እንደሆነ አላወቁም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት። በመብራት ጆሮዬን አየ። ሹካ የመሰለች ብረት መታ አድርጎ አጠገቡ ያዘልኝ፣ "ይሰማዎታል?" እያለ ብዙ ጠየቀኝ። በመጨረሻም፦

"ጆሮዎ ደህና ነው" አለኝ። "በደንብ ይሰማሉ። የማየው ጉዳት የለም።"

"ታዲያ በሽታዬ ምንድን ነው?"

"ጆሮ መጮኽ ነው።"

"እሱንማ ይዤው ነው የመጣሁት፣ ዶክተር።"

ሳቀ። እንዳልሳቅሁ ሲያይ ተወ። ይህ ነገር ያለበት ሰው ብዙ እንደሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እንደማይታወቅ፣ አንዳንዱ እየለመደው እንደሚሄድ ነገረኝ። እኔም የቀበሌውን ነገር ነገርኩት፣ "እባክዎ ይጮኻል ብለው ይመስክሩልኝ" አልኩት።

ብረቷን በእጁ አገላበጠ። "ለኔ አይሰማኝም፣ የማየውም ነገር የለም። ያላየሁትን አየሁ ማለት አልችልም" አለኝ። "ግን አምንዎታለሁ።"

ይህን ሲለኝ እንባዬ መጣ። ከተጀመረ አንስቶ ያመነኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ችግሩ፣ "አምንዎታለሁ" ተሸክመውት ቀበሌ የሚገቡት ነገር አይደለም።

እሑድ ደረሰ። ባለቤቴ የሚሆነውን ማየት አልችልም ብላ ቤት ቀረች። አዳራሹ ሞልቷል። እንደ ወጉ ግራ እጅ ተነሥቶ መፈክር ተባለ፣ ከዚያ የኔ ጆሮ ቀረበ።

"ሐኪሙ ምን አለ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጆሮህ ደህና ነው አለኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቴ ብቻ ጉልበቱን እያየ አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሁሉ ሳቅ አግኝቼ እንዲሁ አልለቀውም ነበር። ያን ቀን አፌ ቀልድ እምቢ አለ።

"ጓዶች፣ ደክሞኛል" አልኩ። "የምትስቁትስ እሺ፣ ሳቁ፤ እንዲያውም ሳቃችሁ ጆሮዬን ይሸፍንልኛል። ስታቆሙ ነው የሚብስብኝ።"

ሁሉም ዝም አለ። እኔ ቀልድ ሳልጨምር ስናገር ሰምተው አያውቁም።

"አሁን ይጮኻል?" አለ ሊቀመንበሩ፣ ቀስ ብሎ።

"አሁንማ ዝም አላችሁና፣ በጣም።"

ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። "እርጥብ እንጨት ነው የሚመስል?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"የኔም እንደሱ ነው። ግራዬ ነው እንጂ።"

"እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነን" አለ ሊቀመንበሩ።

"ስብሰባ ላይ ጆሮ አይጮኽም? እኔም እንደ ሚስቱ የኩልመስክ ልጅ ነኝ። እኛ ሲጮኽብን ስም እንጠራለን። አንተንም ጠርቼሃለሁ።"

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ።

"እኔን?"

"አንተን። ደግሜም ጠርቼሃለሁ።"

"እና... ቆመልዎት?"

"የት ይቆማል! አላማኸኝም ማለት ነው። እግዜር ይስጥህ ልጄ።"

ሊቀመንበሩ ይቆጣ ወይስ አሜን ይበል ጨነቀው። ወደኔ ዞረ።

"አንተስ? የኔን ስም ስትጠራ ቆመ?"

"አልቆመም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"የጸሐፊውስ?"

"የሳቸውም አልቆመም።"

ጸሐፊው ቀና ብሎ ተቀመጠ። አዛዡ ከበሩ ላይ "የኔስ?" አለ። የሱም አልቆመም። ከዚያማ ከየወንበሩ "እኔንስ ጠርተኸኛል?" የሚለው በዛ፤ ያልተጠሩት ቅር አላቸው። አንዱማ አሁኑኑ ጥራኝ አለኝ።

"እንግዲያው የሚያማህ ማነው?" አለኝ ሊቀመንበሩ፣ አሁን እንደ ሰው።

"እኔ እንጃ። ሐኪሙንም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።"

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ስማቸው የተጠራ ጓዶች ሁሉ ከሐሜት ንጹሕ ሆነው መገኘታቸውን፣ ስለዚህም አጀንዳው ሊዘጋ እንደሚችል አስረዳ። ሊቀመንበሩ ግን ሥርዓት ይወዳል።

"የጓዱ ጆሮ ይጮኻል የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

አዳራሹ ሁሉ እጅ በእጅ ሆነ።

"የጆሮው ባለቤት፣ አንተስ?"

አወጣሁ። የሚቃወም ጠፋ። ጸበሉም፣ ድሬሰሩም፣ ሐኪሙም ያልቆረጡልኝን ነገር የላሊበላ ቀበሌ ቆረጠልኝ።

ስወጣ ጎረቤቴ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ዳገቱን አብረን ወጣን። አጥራችን ጋ ስንደርስ፦

"ወንድምዓለም" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "የኔን ስም ስትጠራስ?"

በደህና ቀኔ ቢሆን "ለትንሽ ጊዜ ረገብ ብሎ ነበር" ብዬ ሳምንት አስጨንቀው ነበር። አፌ ላይም መጥታ ነበር። ግን ፊቱ አላሳቀኝም፤ እሱም እንደኔ ያላረፈ ሰው ፊት ነው።

"አልቆመም" አልኩት።

"እውነትህን?"

"ማርያምን።"

ትከሻዬን መታ አድርጎ ወደ ቤቱ ገባ። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

"ምን አሉህ?"

"ይጮኻል አሉኝ።"

ቁጭ አለች፣ ደረቷን ይዛ። "እሰይ" አለች፣ "እንኳን ጮኸ።"

እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እርጥቡ እንጨት ያፏጫል። ለጊዜው ግን ማንም አልመጣም፣ ማንም አልጠራኝም፤ ጫማዬን አወለቅሁ።