ባለ ሁለት ዓይኑ ሥዕል

ስሜ ሰርካለም ነው። ትውልዴ አንኮበር፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የበግ ጸጉር እየፈተልኩ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ለሚሠሩ እሸጣለሁ። ትምህርት የጀመርኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ አሁን ሰባተኛ ክፍል ነኝ። እጄ ለመጻፍ ገና ነው፤ ይሄን የምጽፈውም ለትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ጻፊ ስለተባልኩ ነው። ከተሳሳትኩ ይቅርታ።

የጎልማሶች ክፍል የምንማረው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መምህራችን ቃለ አብ ልጄን ያክላል። ዘንድሮ ወደ አማርኛ የተመለሰ የድሮ የፈረንጅ ልብ ወለድ ይዞ መጣና በየተራ ጮክ ብለን እናነብ ጀመር። አንዲት ሙሽራ ትልቅ የድንጋይ ቤት ትገባለች። ቤቱ ጉም ውጦታል። ፎቅ ላይ ኮቴ ይሰማል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የባሏ አያት ሥዕል ደግሞ በሄደችበት ሁሉ በዓይኑ ይከተላታል።

ጉሙ ማናችንንም አላስፈራ። «ይሄ ጉም ነው? ጸሐፊው ጣርማ በር ይምጣና ጉም ይይ!» አለ ያሕያ። ያሕያ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ከኋላዬ ነው የሚቀመጠው።

የኔ ጭንቅ ሌላ ነው። ተነሥቶ ስለ መጽሐፉ ሐሳቡን ከነምክንያቱ ያልተናገረ ስምንተኛ ክፍል አያልፍም ተባለ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ገበያ ላይ ዋጋ ስጠራ እንኳ «ምን አልሽ?» እባላለሁ። ሰባት ቅዳሜ ሙሉ ጉሮሮዬን አመመኝ አልኩ።

በስምንተኛው ቅዳሜ ቃለ አብ «እትዬ ሰርካለም፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ። ተነሣሁ።

«ልጅቱ… ሥዕሉን መፍራት የለባትም» አልኩ።

«ለምን?»

«ሁለት ዓይኖቹ ተከተሏት ይላል። ሁለት ዓይን ካለው ደግ ሰው ነው። እየጠበቃት ነው።»

ቃለ አብ «ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?» አለኝ። እኔ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን እናቴ ግድግዳውን እያሳየች «ፊቱን አዙሮ ባንድ ዓይን የተሳለው ክፉ ነው፤ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ የሚያይሽ ጻድቅ ነው» ትለኝ ነበር።

አጠገቤ ያለችው እናናየሁ ጠረጴዛውን መታች። «እውነቷን ነው! እኛም አገር ደነባ እንደዚያው ነው!»

«እኛ ቤት ሥዕል አንሰቅልም፤ ለዚህ ነው ተኝተን የምናድረው» አለ ያሕያ። ሳቁ። ቃለ አብ ግን ስሜ አጠገብ ምንም አልጻፈም። «መጽሐፉ ይለቅና እናያለን» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ስፈትል ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻው ምዕራፍ ተነበበ። ለካ የሥዕሉ ሰውዬ ነፍሰ ገዳይ ኖሯል! ሚስቱን ገድሎ ፎቅ ላይ ግድግዳ ውስጥ ደብቋት ኖሯል፤ ያ ኮቴ የመንፈሷ ነበር።

ክፍሉ በሙሉ ወደኔ ዞረ። «ደጉ ሰውዬሽ ጉድ ሠራሽ!» አለ ያሕያ።

አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ መሰለኝ፣ ማንም ሳይጠራኝ ተነሣሁ።

«ጥፋቱ የሠዓሊው ነው! ነፍሰ ገዳይ በሁለት ዓይን ይሳላል? በወጉ ባንድ ዓይን ቢስለው ኖሮ ልጅቱ ገና ከበሩ አይታው ወደ እናቷ ትመለስ ነበር!»

«ያኔ መጽሐፉ በአሥር ገጽ አለቀ ማለት ነዋ» አለ ቃለ አብ።

«ቢያልቅስ! ለሷ አይሻላትም?»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እናናየሁ ከኔ ሆነች። ያሕያ «ሠዓሊው ምን ያድርግ? ሰውዬው እፊቱ ተገትሮ እያየው ባንድ ዓይን ቢስለው የራሱ አንገት ይተርፋል?» አለ።  እኔም የመጣልኝን ሁሉ ስመልስ፣ ስመልስ፣ መቆሜንም ረስቼው ነበር።

በኋላ ቃለ አብ እየሳቀ «ይቀመጡ እንጂ እትዬ ሰርካለም፤ ለስምንተኛ ክፍሉም መምህር ትንሽ ክርክር ያስተርፉለት» አለኝ። ማለፌን የሰማሁት እንደዚህ ነው።