ታጥቦ የተመለሰው ክሪክ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ አንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገብቼ ክሪክ ሳማርጥ፣ ሻጩ ባለጎማውን ከመደርደሪያው ሥር እየገፋ አወጣና እጀታውን ከፍ ዝቅ አደረገልኝ። የዘይቱ ሽታ ሽቅብ መጣ። አንተ ብትሆን ምንም አይመስልህም፤ እኔን ግን ጀርባዬን በረደኝ። ሻጩ «ይሄ አያሳፍርህም፣ ሦስት ቶን ያነሳል» ሲለኝ፣ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ።

ያን የመሰለ ክሪክ እኛም ቤት ነበር፣ ዳንግላ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ቤት የተቀመጥሁበት ክረምት ነው። አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ወደ አዲስ ቅዳም ጨርቅ የሚያመላልስባት አንዲት አሮጌ ፒክአፕም ነበረችው። ከእናታችን ቀጥሎ የሚወደው እሷን ነው ስንል፣ እናቴ «ቀጥሎ አትበሉ፣ ቀድማኝ ነው» ትል ነበር። አባቴ ጋራዥ አይወድም። «ጋራዥ የገባች መኪና ሌላ በሽታ ይዛ ነው የምትወጣ» ይልና ግቢያችን ውስጥ ራሱ ይፈታታታል። ለዚህ ለዚህ ነው ክሪክ መግዛት ያስፈለገው።

ከአባቴ ጋር ልንገዛ የሄድንበት ሱቅ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ሐጂ ነበሩ። ሁለት ክሪክ አወጡልን፤ አንዷ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ከትንሿ ጎን ሁለት የብረት ማቆሚያዎች አስቀመጡ፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ ሥሩ ገብተው ክብደቱን የሚይዙ ናቸው። በያዝነው ብር ወይ ትንሿን ከነማቆሚያዎቹ፣ ወይ ትልቁን ብቻውን ነበር የምንገዛው።

«ክሪክ ማንሻ እንጂ ማደሪያ አይደለም፣ ልጄ» አሉት ሐጂ። «ትንሿ ለፒክአፕህ ትበቃለች። እነዚህን ጨምርና ውሰድ።»

«ትንሿን ብወስድ፣ ጎረቤቴ የጭነት መኪናው ጭቃ ውስጥ ቆማበት ሲመጣ ምን ልበለው ሐጂ? የኔ ክሪክ ያንተን አታነሳም ልበለው?»

«ለእሱ ነው ወይስ ለራስህ የምትገዛ?»

«ለብቻዬማ ከሆነ ምኑን ገዛሁት» አለ አባቴ፤ ሳቀም። ሐጂ አልሳቁም። ትልቁን ክሪክ እኔና አባቴ ተሸክመን ስንወጣ ከኋላችን «አላህ ይጠብቅህ» አሉት። ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ እንደሚባለው አድርገው ነው ያሉት።

ጎረቤታችን የተባለው ከሰል ነጋዴ ነው፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ እነሱ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ግን በአጥራችን መሃል ትንሽ በር ነበረች፣ ተዘግታ አላውቅም። በዒድ እሱ እኛ ቤት፣ በፋሲካ አባቴ እሱ ቤት ካልታየ ሰው ታሟል ማለት ነው። ከአባቴ ጋር ሲቀላለዱ በአማርኛ ይጀምሩና ቀልዱ ሲከር በአዊኛ ይጨርሱታል። እኔ ሳይገባኝ የቀረው ብዙ ነው።

እናቴ ማቆሚያዎቹ ሱቅ መቅረታቸውን የሰማች ቀን እንጀራ አልዋጥላት አለ። ከዚያ ወዲያ አባቴ መኪናው ሥር በገባ ቁጥር የእጇን ሥራ ይዛ በረንዳው ላይ ትቀመጥና በየመሃሉ «አለህ?» ትላለች። እሱ ከሥር «አለሁ» ይላል። አንድ ቀን ሊያስቃት ብሎ «የለሁም» ቢላት፣ እያለቀሰች ገብታ ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም። ዳግም በዚህ አልቀለደም። የመኪናዋ ሆድ ሥርም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ማስደገፍ ጀመረ፤ ለእሷ ብሎ ነው እንጂ እሱስ ክሪኩን ያምነው ነበር።

ክሪኩ የሰፈሩ ሁሉ ሆነ። ባጃጅ ነጂው ይወስደዋል፣ አስተማሪው ይወስደዋል፤ ሲመለስ ጭቃ፣ ሣር፣ አንዳንዴም የፈረስ ፋንድያ ተጣብቆበት ነው። አባቴ እየፎከተ ያራግፈዋል፤ ቅር አይለውም። ሐምሌ ላይ ጎረቤታችን ወሰደው። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሲመልሰው እንደ ወትሮው ሠራተኛ አልላከም፤ ራሱ ይዞት መጣ። ክሪኩ ታጥቧል። በናፍጣ ተወልውሎ ቀይ ቀለሙ አዲስ መስሏል። እናቴ ሻይ ልታፈላ ብድግ ስትል «ዛሬስ ቸኩያለሁ» ብሎ ወጣ።

«ምን ቢያገኘው ነው ያጠበው?» አለች እናቴ።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ሰው ሲያከብረንም ልትጠረጥሪ ነው?» አላት አባቴ።

ከዚያ በኋላ ግቢው ደስ አይለኝም ነበር። ዝናቡ አያባራም፤ ክሪኩ ካደረበት ሥር ውሃው ላይ ዘይት እየተንሳፈፈ ቀስተ ደመና ይመስላል። አንድ ማታ የክሪኩን ክንድ ከፍ አድርገን ትተነው፣ ጠዋት ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ለአባቴ ነገርኩት። «ብርዱ ይሆናል» አለኝ። እኔም ከአባቴ በላይ ስለ ክሪክ አላውቅ።

ከፒክአፗ ካምቢዮ፣ ከማርሽ ሳጥኗ፣ ዘይት መንጠባጠብ የጀመረ ቀን ጥቁር ደመና አዊን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። ዝናቡ ሳይደርስ ለመጨረስ አባቴ ቸኮለ። የክሪኩን እጀታ እኔ ከፍ ዝቅ አደረግሁለት፣ መኪናዋ ተነሳች። ጉማጁን ላምጣ ስለው «አንዲት ብሎን ናት፣ አጥብቄ ልውጣ» ብሎ በጀርባው ገባ። እናቴ ከበረንዳው «አለህ?» አለች። «አለሁ» አለ። ሰማዩ አጉረመረመ። እኔ ዓይኔ ክሪኩ ላይ ነበር፤ ድምፅ የለው፣ መንቀጥቀጥ የለው፣ ክንዱ ብቻ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል። «አባ ውጣ!» ብዬ ጮህሁ። ግማሽ አካሉ እንደወጣ መኪናዋ ወረደች።

«አለህ?» አለች እናቴ። «አለህ ወይ?»

በአጥሩ በር መጀመሪያ የገባው ጎረቤታችን ነው። ማንንም አልጠበቀም፤ የመኪናዋን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ብቻውን ሊያነሳ ሲታገል የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ይታየኛል። የሰፈሩ ሰው ደርሶ አብሮ አነሳ፣ እኔ አባቴን ስቤ አወጣሁ። ነፍሱ ነበረች። ቀኝ ክንዱ ግን ደቅቆ ነበር፤ ሐኪሞቹ አተረፉለት እንጂ ከዚያ ወዲያ ጨርቅ የሚለካው በግራው ሆነ።

ጎረቤታችን ሆስፒታል መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያሻሸ «ያ ክሪክ...» ብሎ ጀመረ። አባቴ የሚጨርስበት ፋታ አልሰጠውም። «ተወው፣ ዕቃ ያረጃል» አለው። ሊያሳርፈው ብሎ ነው። ይሉኝታ የያዘው ሰው ግን በዚህ አያርፍም፤ አንድ ጊዜ ሊል የመጣው ነገር አፉ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት አልመጣም። ከሰል መጋዘኑን ወደ አዲስ ቅዳም አዞረ፣ ቤቱን አከራየ፣ አዲሱ ተከራይ የአጥሩን በር በቆርቆሮ ዘጋት።

ክሪኩ ከአቅሙ በላይ፣ ሙሉ ከሰል የጫነ መኪና ተነስቶበት ዘይት ማፍሰስ እንደጀመረ ከከሰል አውራጆቹ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ለአባቴ ስነግረው አልገረመውም። «ታጥቦ ሲመጣ መጠርጠር ነበረብኝ» አለና ሳቅ አለ፤ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ክንዴስ ለምዶታል። አንድ ቀን ገብቶ ‹አጠፋሁ› ቢለኝ እኮ ሰድቤው፣ ስቀን እንገላገል ነበር።» አባቴ በየዒዱ መልእክት ይልክለታል። በየዒዱ ጎረቤታችን ሰላምታውን በሰው ይሰዳል እንጂ ራሱ አይመጣም። አባቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ሲል ማየት ከክንዱ በላይ ያሳዝነኝ ነበር።

አባቴ አምና ታሞ ሞተ። ቃሬዛው ከግቢ ሲወጣ ከፊት በቀኝ በኩል ትከሻውን ያስገባ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ጎረቤታችን ነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። በእኛ ወግ ሰው እየተቀባበለ ነው የሚሸከም፤ ሁሉም ጥቂት ተራምዶ ለሌላው ይለቃል። እሱ አልለቀቀም። ወጣቶች እየመጡ «አባባ፣ ያቀብሉን» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ከኋላው ነበርሁ፤ እግሩ ሲንገዳገድ አይቼ «ጋሼ፣ ይበቃዎታል» አልኩት።

«ተወኝ ልጄ» አለኝ፣ ሳይዞር።

መቃብሩ ዘንድ ደርሰን ቃሬዛውን መሬት ስናሳርፈው እሱም አብሮ በርከክ አለ፤ እንጨቱን የያዘበት እጁ ግን አልፈታም አለው። ጣቶቹን ያላቀቅሁለት እኔ ነኝ። እንጨቱን ሲለቅ እጄን ያዘኝ፤ ቀብሩ እስኪያልቅም፣ ከዚያም ወደ አባቴ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አልለቀቀኝም።