ፊት የማያሳይ ጠመንጃ

ሽማግሌው ስዊድን ውስጥ፣ ሶልና ከተማ ወደምሠራበት የጠመንጃ መደብር ሲገቡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሱሪያቸው የካውያ መስመር ቢላ ይመስላል፤ ኮታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። የኢላማ ተኩስ ክበብ አባል መሆናቸውን ነግረውኝ፣ ለሦስት መቶ ሜትር ውድድር የሚሆን ጠመንጃ አሳየኝ አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አንስተው መለሱ። አራተኛውን ትከሻቸው ላይ ሲያሳርፉ መንቀጥቀጡ ቆመ። ጣታቸውን ከምላጩ አርቀው ቀጥ አድርገው ያዙ።

«አባባ፣ የት ተማሩት?»

«ትሸጣለህ ወይስ ትመረምረኛለህ?» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እጄ የሚያርፈው እንዲህ ስይዝ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ መድኃኒት አጡለት» አሉ።

አሳዘኑኝ። ከሁሉ የተሻለውን፣ ሩቁን የሚያቀርብ የማነጣጠሪያ መነጽር አውጥቼ፣ ጠመንጃው ላይ ሳልገጥመው በመስኮት እንዲያዩበት ሰጠኋቸው። ማዶ ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት አውቶቡስ ትጠብቃለች። ዓይናቸውን አስጠግተው ወዲያው አራቁት። እጃቸው እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይኼ አይሆነኝም። ፊት ያሳያል።»

«የሚተኩሱት እኮ ወረቀት ላይ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ» አሉ መነጽሩን እየመለሱልኝ። «ያኔ ጦር ሜዳ የተኮስኩባቸው ሰዎችም ከሩቅ ነጥብ ብቻ ነበሩ፤ አለቃዬ እንዲህ ያለውን መነጽር እስኪሰጠኝ ድረስ።»